ከአላይመንት በፊት ከፍታው ይለካ

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4000 ሜትር የሚልቀውን የጉናን ተራራ ተጠግቶ ወደ ነፋስ መውጫ የሚያመራ፣ አለዚያም ወደ እስቴ ወይም ወደ ስማዳ የሚወርድ መኪና ዳገት ቁልቁለቱን የሚያልፈው ብዙ ጊዜ ከነጭነቱ ነው። ከዓመታት አገልግሎት በኋላ ባሌስትራው ወይም ሞላው ይዝላል፤ መኪናውም ቀስ በቀስ ዝቅ ይላል። ሾፌሩ ችግሩን የሚያስተውለው ጎማው በአንድ ወገን ተበልቶ ሲያገኘው ነው። ያን ጊዜ አላይመንት ለማሠራት ይሄዳል። ለመሆኑ ይህ ብቻውን ይበቃልን?

በመጀመሪያ ጎማ ለምን እንደሚበላ እንመልከት። የ1 ዲግሪ ሳይን 0.0175 ገደማ ነው። ስለዚህ ከጉዞው አቅጣጫ 1 ዲግሪ ብቻ የዞረ ጎማ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር 17.5 ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተጎተተ ይፋተጋል። በ100 ኪሎ ሜትር ጉዞ 1.75 ኪሎ ሜትር ማለት ነው።

የከፍታው ጉዳይ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። በብዙ መኪኖች የፊት ጎማን ከሻንሲው ጋር የሚያያይዙት ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዙ ክንዶች ናቸው። ጎማውም የሚንቀሳቀሰው በቀጥታ መስመር ሳይሆን በቅስት ነው፤ ጎማውን የሚያዞረው የመሪ ዘንግም የራሱ ቅስት አለው። ሁለቱ እንዲጣጣሙ የተነደፉት ለተወሰነ ከፍታ ነው። መኪናው ከዚያ ዝቅ ሲል የጎማው ዝንባሌም አቅጣጫውም ይለወጣል። በዚህ ሁኔታ የተሠራ አላይመንት መኪናው ሲቆም ትክክል ቢመስልም፣ ጎማው ጉድጓድ ባገኘ ቁጥር ከልኩ ይወጣል። ሞላው በኋላ ሲለወጥ ደግሞ የተስተካከለው ሁሉ እንደገና ይዛባል።

አለካኩ ቀላል ነው። ጭነቱን አውርዶ መኪናውን በተስተካከለ ወለል ላይ ማቆም፣ የጎማዎቹን ነፋስ በልኩ መሙላት፣ ከዚያም ፊትና ኋላውን ጥቂት ጊዜ እየተጫኑ መልቀቅ ያስፈልጋል። ቀጥሎ ከጎማው እምብርት እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ ያለው ርቀት በአራቱም ጎማዎች ይለካል። ከመሬት ቢለካ የጎማው ነፋስ ማነስ ውጤቱን ያሳስተዋል፤ ከእምብርቱ ሲለካ ግን የሞላው ድካም ብቻ ይታያል። ፓራፋንጎው ተመትቶ የታጠፈ እንደሆነ አምራቹ በመመሪያው የጠቆመውን ሌላ ነጥብ መጠቀም ይገባል። ውጤቱ ግራና ቀኙ፣ እንዲሁም ከመመሪያው ጋር ይነጻጸራል። የዛለ ሞላ ወይም ባሌስትራ ጥንዱን በአንድነት መለወጥ ይበጃል፤ ቶርሽን ባር ባለው መኪና ግን ከፍታው ብዙውን ጊዜ በማስተካከያ ብሎን ይመለሳል። አላይመንቱ የሚከተለው ከዚህ በኋላ ነው።

በጋይንት ቁልቁለት ፍሬን የሚይዘው ጎማው መሬቱን በያዘው መጠን ነው። በአንድ ወገን ያለቀ ጎማ ይህን ኃይል በዝናብ ቀን ይነፍጋል። ስለዚህ ወደ አላይመንት ማሽኑ ከመቅረብ በፊት አንድ ተራ ሜትር ማውጣት ገንዘብን ብቻ ሳይሆን ነፍስንም ያድናል።