አያት ለማየት ሲመጡ መንገድ ላይ እንዳይቀሩ

ልጆቻችን ባሕር ማዶ ከተሻገሩ ወዲህ እኛ ካኮ ያለን ሰዎችም የዱባይንና የፍራንክፈርትን ስም ለምደናል። «እመጣለሁ» የሚል ስልክ ሲደወል የመጀመሪያው ጥያቄ «መቼ?» ነው። ሁለተኛው ጥያቄ ግን «ትኬቱ አንድ ነው ወይስ የተለያየ?» ቢሆን ብዙ ጭንቀት ይቀር ነበር።

ባለፈው ዓመት የወንድሜ ልጅ ሁለት ልጆቹን ለእናቴ ሊያሳያት ከአሜሪካ ተነሣ። ዋጋው ስለቀነሰለት እስከ አውሮፓ በአንድ አየር መንገድ፣ ከዚያ እስከ አዲስ አበባ በሌላ ቆረጠ፤ የጂንካውንም ለብቻው ገዛ። የመጀመሪያው በረራ ሁለት ሰዓት ተኩል ዘገየና ሁለተኛው ጥሏቸው ሄደ። ሲጠይቅ «ከሌላው ጋር የተያያዘ ትኬት ስላልሆነ እኛን አይመለከትም» ተባለ። ሦስት መቀመጫ እንደገና ገዛ። የጂንካው በረራም በዚሁ አመለጠ። በአርባ ምንጭና በኮንሶ አድርገው በመኪና ሁለት ቀን ተጓዙ። ከአሥር ቀን ዕረፍታቸው አራቱ መንገድ ላይ አለቀ። ሰማንያ ዓመት ላለፋት እናቴ አራት ቀን ትንሽ አይደለም።

ነገሩ ወዲህ ነው። በረራዎቹ በአንድ ትኬት ከተያያዙ፣ አንዱ ዘግይቶ ሌላው ሲያመልጥ መንገደኛውን በሌላ በረራ እስከ መጨረሻው ማድረስ የአየር መንገዱ ፈንታ ነው። ትኬቱ ለየብቻ ከሆነ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ የሚያውቀው መንገደኛው በሰዓቱ አለመገኘቱን ብቻ ነው። የደርሶ መልስ ከሆነ ደግሞ የመመለሻውም አብሮ ሊሰረዝ ይችላል።

የተለያዩ አየር መንገዶች በአንድ ትኬት መያያዝ ይችላሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሉፍታንዛ፣ ዩናይትድና የቱርክ አየር መንገድ ያሉበት የስታር አሊያንስ አባል ነው። ሆኖም አባልነቱ ብቻውን አያድንም፤ ትኬቱ ራሱ አንድ መሆን አለበት። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004ም ከአውሮፓ ተነሥቶ በአንድ ምዝገባ የተጓዘና መድረሻው ላይ ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ የዘገየ ሰው እንደ ርቀቱ እስከ 600 ዩሮ ካሣ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል። እንደ ከባድ የአየር ጠባይ ያለ ምክንያት ሲሆን ግን ካሣው ይቀራል።

ወደ ልጆቻቸው ለሚሄዱ እናቶችና አባቶች ደግሞ ሌላ ነገር አለ። ትኬቱ ሲለያይ ሻንጣውም በአብዛኛው መሐል ላይ ይወርዳል። ለመውሰድ ወደ አገሩ መግባት፣ ለመግባትም ቪዛ ያስፈልጋል። በሸንገን አገሮች የኢትዮጵያ ፓስፖርት የያዘ ሰው፣ እንደ አሜሪካ ወይም ካናዳ ያለ አገር ቪዛ ከሌለው በቀር፣ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሳይወጣ ለማለፍ እንኳ የመሸጋገሪያ ቪዛ ይጠየቃል። ቋንቋ ለማይችሉ አዛውንት ይህ ከባድ ፈተና ነው።

ሰዓቱንም አጣሩ። ትኬት ላይ 07፡00 የሚለው በእኛ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። ማክሰኞ 00፡30 የሚለው ደግሞ እኛ «ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ተኩል» የምንለው ነው፤ ቦሌ መድረስ የሚገባው ሰኞ ማታ ነው።

ቦሌ ሲደርሱም ፓስፖርት ማሳየት፣ ሻንጣ መውሰድ፣ በጉምሩክ ማለፍና ወደ አገር ውስጥ ተርሚናል መሻገር አለ። ከልጆች ጋር ይህ ሁሉ ጊዜ ይበላል። ወደ ጂንካ የሚሄደው በረራ እንደ ባሕር ዳሩ የበዛ አይደለም፤ አንዱ ካመለጠ ሌላው ቶሎ ላይገኝ ይችላል። ስለዚህ የሚቻል ከሆነ የጂንካውም ከዓለም አቀፉ ጋር በአንድ ትኬት ይቆረጥ። ካልሆነም አዲስ አበባ አንድ ሌሊት ዘመድ ቤት ማደር ይሻላል።

ልጃችሁ «ርካሽ ትኬት አገኘሁ» ሲል «እሰይ» በሉት። ቀጥላችሁም «መሐል ላይ ቢያመልጥህ የሚያሳፍርህ ማነው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልስ ካጣ፣ ከመክፈሉ በፊት ቢያስብበት ይሻላል።