ከምላስ ሥር ባሻገር ማየት

ለከባድ ቀዶ ጥገና ሙሉ ሰመመን የተሰጠው ሕመምተኛ የተኛ ሰው ቢመስልም፣ ሁኔታው ከእንቅልፍ በእጅጉ የተለየ ነው። የተኛ ሰው ይተነፍሳል፤ ምራቅ ወደ ሳንባው ሊገባ ሲልም በሳል ይከላከላል። ከሰመመኑ ጋር ጡንቻ የሚያዝል መድኃኒት የተወጋ ሕመምተኛ ግን መተንፈስም ሆነ ማሳል አይችልም። ስለዚህ ወደ ሳንባው አየር የማስገባቱ ኀላፊነት በሰመመን ባለሙያው ላይ ይወድቃል። ባለሙያው ይህን የሚፈጽመው ብዙውን ጊዜ በአፍ በኩል እስከ አየር ቧንቧ የሚደርስ የፕላስቲክ ቱቦ በማስገባት ነው። የቱቦው የውስጥ ስፋት ለዐዋቂ ሰው ከ7 እስከ 8 ሚሊሜትር ያህል ነው። በጫፉ አጠገብ ያለችው ትንሽ ፊኛ በአየር ስትሞላ ዙሪያውን ትደፍናለች፤ ከጨጓራ የሚመለስ ፈሳሽ ወደ ሳንባ እንዳይወርድም ታግዳለች።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሕመምተኛው ለ3 ደቂቃ ያህል ንጹሕ ኦክሲጅን እንዲተነፍስ ይደረጋል። ይህ ኦክሲጅን በሳንባው ውስጥ እንደ ስንቅ ይቀመጣል። ጤናማ ዐዋቂ ትንፋሹ ከቆመ በኋላ በዚህ ስንቅ ጥቂት ደቂቃዎች ይቆያል፤ ለሕፃን፣ ለነፍሰ ጡር ወይም በጣም ለወፈረ ሰው ግን ስንቁ ቶሎ ያልቃል። ካለቀ በኋላ አንጎል ሳይጎዳ የሚታገሠው ለጥቂት ደቂቃዎች ብቻ ነው።

አስቸጋሪው ነገር የመንገዱ ቅርጽ ነው። ከአፍ ወደ ማንቁርት የሚወስደው መንገድ ከምላስ ሥር ሲደርስ ወደ ታች ይታጠፋል። ብርሃን ደግሞ የሚጓዘው በቀጥታ ነው። ከኩርባ ወዲህ የቆመ መንገደኛ ከኩርባው ማዶ የሚመጣውን እንደማያይ ሁሉ፣ በአፍ በኩል የሚመለከት ሰውም የድምፅ አውታሮችን አያይም። ከማንቁርት በስተኋላ የምግብ ቧንቧ ስለሚገኝ፣ ሳያዩ የሚገፉት ቱቦ ወደዚያ ሊገባ ይችላል። ያን ጊዜ አየሩ የሚነፋው ጨጓራን እንጂ ሳንባን አይሆንም።

የራሱን ማንቁርት በሥራ ላይ እንዳለ አይቶ በመግለጽ የታወቀው ሰው ሐኪም አልነበረም፤ ስፔናዊው የዘፈን መምህር ማኑኤል ጋርሲያ ነው። ጋርሲያ ድምፅ እንዴት እንደሚፈጠር ለማወቅ ፈለገ። እ.ኤ.አ. በ1854 እንደ ጥርስ ሐኪም መስታወት ያለ ትንሽ መስታወት ወደ ጉሮሮው አስገብቶ፣ በሌላ መስታወት የፀሐይን ብርሃን እያንጸባረቀ የድምፅ አውታሮቹን ተመለከተ። ይኸውም መንገዱን ሳያቀና ብርሃኑን አጠፈ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1895 በበርሊን የሠራው ሐኪም አልፍሬድ ኪርሽታይን የመረጠው ግን ተቃራኒውን ነበር፤ ምላስን በመሣሪያ ተጭኖ መንገዱን ራሱን ለማቅናት። እ.ኤ.አ. በ1943 ሮበርት ማኪንቶሽ በኦክስፎርድ ያስተዋወቀው ቆልማማ ጠፍጣፋ ብረት እስከ ዛሬ ይሠራበታል። ብረቱ ቢቆለመምም የተመልካቹ እይታ ግን አሁንም ቀጥተኛ መስመር ይፈልጋል። የሕመምተኛው ራስ በትራስ ከፍ ብሎ ወደ ኋላ የሚጋደለው፣ ምላሱና መንጋጋውም በኀይል ወደ ላይ የሚነሡት ለዚሁ ነው።

አንዳንድ ሰው ላይ ግን መስመሩ አይቀናም። አፉ በደንብ የማይከፈት፣ አገጩ ወደ ኋላ የገባ፣ ትልቅ እንቅርት የአየር ቧንቧውን የገፋበት፣ ወይም አንገቱ በአደጋ ተጎድቶ መንቀሳቀስ የሌለበት ሕመምተኛ ያጋጥማል። ኮርማክና ሌሄን የተባሉ ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1984 እይታውን በአራት ደረጃ ከፈሉት። በአንደኛው የድምፅ አውታሮች መክፈቻ በሙላት ይታያል፤ በአራተኛው የማንቁርት ክዳን እንኳ አይታይም።

ካናዳዊው የቀዶ ጥገና ሐኪም ጆን ፔሲ የፈለሰፈውና እ.ኤ.አ. በ2001 ለሥራ የዋለው ቪዲዮ ላሪንጎስኮፕ በአንድ መልኩ ወደ ጋርሲያ ሐሳብ መመለስ ነው። በ60 ዲግሪ ያህል የታጠፈው መሣሪያ በታችኛው ገጹ ላይ ትንሽ ካሜራና መብራት ይዟል። ስለዚህ ባለሙያው አንገቱን አጎንብሶ በአፍ ውስጥ ማንጋጠጥ ሳያስፈልገው ማንቁርቱን በመስኮት ላይ ያያል። ዓይኑ ከኩርባው ማዶ ተሻግሯል ማለት ይቻላል።

እጁ ግን አልተሻገረም። ቀድሞ ማየት ከተቻለ ቱቦው በዚያው ቀጥተኛ መስመር ይገባ ነበር፤ አሁን ግን ማንቁርቱ ጥርት ብሎ እየታየ ቱቦው ኩርባውን መዞር ሊያቅተው ይችላል። ለዚህ ሲባል በቱቦው ውስጥ እንደ መሣሪያው የታጠፈ ሽቦ ይደረጋል። ከዚህም የባሰ ስሕተት አለ፤ ባለሙያው ዓይኑን ከመስኮቱ ሳይነቅል ቱቦውን ሲገፋ፣ ካሜራው ከማያየው ቦታ ላይ የላንቃን ለስላሳ ሥጋ ሊበሳ ይችላል። ስለሆነም መሣሪያውን ሲያስገባ አፉን ይመለከታል፣ ቀጥሎ መስኮቱን፤ ቱቦውን ሲያስገባ እንደገና አፉን፣ በመጨረሻም መስኮቱን። ደም ወይም ትውከት ሲኖር ደግሞ የካሜራው ዓይን ይሸፈናል። ሙከራ በተደጋገመ ቁጥር ሥጋው ያብጣልና፣ የብሪታንያ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት መመሪያ ሙከራው ከሦስት እንዳያልፍ፣ አራተኛውም የበለጠ ልምድ ባለው ሰው ብቻ እንዲደረግ ያዛል። በመካከሉ ሕመምተኛው በጭንብል ኦክሲጅን እንዲያገኝ ይደረጋል፤ የሚያድነው ኦክሲጅኑ እንጂ ቱቦው አይደለምና።

በእኔ አስተያየት ይህ መሣሪያ ከሰጣቸው ጥቅሞች አንዱ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። በቀድሞው ዘዴ ማንቁርቱን የሚያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ተማሪው «አየሁ» ሲል መምህሩ የታየው ምን እንደሆነ በግምት ያርመዋል። አሁን ግን ሁለቱም አንድ ምስል ያያሉ፤ እርማቱም ስሕተቱ ከመፈጸሙ በፊት ይደርሳል።

በመስኮቱ ላይ ቱቦው በድምፅ አውታሮች መካከል ሲያልፍ ቢታይ እንኳ ሥራው ተጠናቀቀ አይባልም። ፊኛዋ ተነፍታ አየር ከተሰጠ በኋላ ባለሙያው የሚጠብቀው ሌላ ምልክት አለ፤ ከሳንባ የሚመለሰው ካርቦን ዳይኦክሳይድ በመለኪያው ላይ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከፍ ዝቅ እያለ መታየት አለበት። መለኪያው ዝም ካለ፣ ሌላ ምክንያት በፍጥነት ካልተገኘ በቀር፣ ቱቦው ይወጣል።