መጨረሻው ከታወቀ ክርክሩ ስለ ምንድን ነው?

እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመው የኤሚሊ ሄንሪ «ሃፒ ፕሌስ» አንባቢዎቹን ለሁለት የከፈለው በማብቂያው ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ሃሪየት የቀዶ ሕክምና ሥልጠና ላይ ያለች ወጣት ሐኪም ናት። ታሪኩ ሲያበቃ ሥልጠናውን ትታ፣ ፍቅረኛዋ ዊን ወደሚኖርበት ወደ ሞንታና ሄዳ የሸክላ ሥራ ትይዛለች። አንዱ ወገን ስንት ዓመት የለፋችበትን ሙያ ለወንድ ብላ ጣለችው ሲል ተቆጣ። ሌላው ወገን ደግሞ ወላጆቿን ለማስደሰት ብላ የገባችበትን፣ ልቧ ያልተቀበለውን ሥራ ለመተው በመጨረሻ ደፈረች ብሎ ደስ አለው። ሁለቱም ያነበቡት አንድ መጽሐፍ ነው። ተለያይተው የነበሩት ሃሪየትና ዊን ተመልሰው እንደሚገናኙም ሁለቱም ወገኖች ገና መጽሐፉን ሲከፍቱ ያውቁ ነበር።

ታዲያ መጨረሻው አስቀድሞ ከታወቀ የሚያከራክራቸው ምንድን ነው? በዘመኑ የፍቅር ልብ ወለዶች ላይ አንባቢዎች የሚሰጡትን አስተያየት ላይ ላዩን ላየው ሰው «ወደድኩት» እና «አልወደድኩትም» ከማለት የዘለለ አይመስልም። ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን የብዙው ክርክር መቋጠሪያ አንድ ጥያቄ ነው። ፍቅሩ እንደሚሰምርስ ይሁን፤ ግን በምን ዋጋ? ከፋዩስ ማን ነው?

ቃል የተገባለት ፍጻሜ

ጥያቄው ለምን ወደ ዋጋ እንደሚያዘነብል ለመረዳት ከዘውጉ ሕግ መነሣት ይበጃል። በ1980 (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተመሠረተው የአሜሪካ የሮማንስ ጸሐፊዎች ማኅበር ለዘውጉ ሁለት መስፈርት ብቻ አስቀምጧል። አንደኛ፣ የታሪኩ ዋና ግንድ የፍቅር ታሪክ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ፍጻሜው ስሜትን የሚያረካና ተስፋ የሚሰጥ መሆን አለበት። ፍቅረኞቹ የሚሞቱበት ወይም ተለያይተው የሚቀሩበት መጽሐፍ የቱንም ያህል ድንቅ ቢሆን፣ በዚህ ሚዛን ሮማንስ አይባልም።

በዚህ ሕግ መሠረት የእኛው «ፍቅር እስከ መቃብር» ከመደርደሪያው ይወጣል ማለት ነው። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ያሳተሙት ይህ ልብ ወለድ ፍቅረኞቹ ወዴት እንደሚሄዱ ገና በርዕሱ ይናገራል። ያም ሆኖ ትውልድ በትውልድ አንብቦታል፤ ወጋየሁ ንጋቱ በሬዲዮ ሲተርከውም መጨረሻውን የሚያውቅ ሰው ሁሉ ጆሮውን ሰጥቶ አድምጧል። በዛብህና ሰብለ ወንጌል መቃብር እንደሚጠብቃቸው ያወቀ አንባቢ «ምን ይሆናሉ?» ብሎ አይጨነቅም። «ለምን? በማን ጥፋት? በየትኛው ሥርዓት?» ብሎ ይጠይቃል እንጂ። ሮማንስ አቅጣጫው ተቃራኒ ይሁን እንጂ አሠራሩ ይኸው ነው። ፍጻሜው ሲቆለፍ የአንባቢው ዓይን ወደ መንገዱ ይዞራል። «መጨረሻው የታወቀ ነገር ምኑ ይነበባል?» እያለ ይህን ዘውግ የሚያጣጥል ሰው፣ ገዳዩ እንደሚያዝ እያወቀ የወንጀል ልብ ወለድ እንደሚያነብ የዘነጋ ነው።

ከዶት እስከ ዛሬ

አንባቢዎች እርስ በርስ መመካከር የጀመሩት በእጅ ስልክ ዘመን አይደለም። ጃኒስ ራድዌይ የተባሉ አሜሪካዊት ተመራማሪ በ1984 ባሳተሙት «ሪዲንግ ዘ ሮማንስ» በተሰኘ ጥናታቸው፣ በአሜሪካ መካከለኛው ምዕራብ የምትገኝና ስሟን ለውጠው «ስሚዝተን» ያሏት ከተማ ሴት አንባቢዎችን አነጋግረዋል። የቡድኑ ማዕከል በመጽሐፉ ዶት ተብላ የምትጠራ የመጻሕፍት ሻጭ ነበረች። ዶት አዳዲስ ልብ ወለዶችን እያነበበች በደረጃ ትመዝናለች፤ የትኛው ገንዘብ እንደሚገባውና የትኛው እንደማይገባው የሚነግር ጽሑፍም አዘጋጅታ ለደንበኞቿ ታድላለች። የአንባቢዎቹም ምርጫ ግልጽ ነበር። የሚፈልጉት ወንድ ከሁሉ አስቀድሞ ብልህ፣ ርኅሩኅና ተጫዋች ነው። የማይፈልጉት አስገድዶ መድፈር፣ ጭካኔና አሳዛኝ ፍጻሜ ነው። አንዳንዶቹማ ያልተዘጋጁበት ኀዘን እንዳይገጥማቸው መጽሐፉን ከመግዛታቸው በፊት መጨረሻውን ገልጠው ያዩ ነበር።

ራድዌይ ካስተዋሏቸው ነገሮች ሁለቱ ዛሬም ይሠራሉ። የመጀመሪያው፣ ለእነዚህ ሴቶች ማንበብ ራሱ ትርጉም ነበረው። ለባልና ለልጅ ከሚሰጥ ቀን ላይ ለራሳቸው የሚቆርሱት ሰዓት ነውና፣ ያ ሰዓት በማይረባ መጽሐፍ ሲባክን ኪሳራው እጥፍ ነው። ሁለተኛው በቃልና በምርጫ መካከል ያለው ክፍተት ነው። አስገድዶ መድፈርን አጥብቀው የሚጠሉት እነዚሁ አንባቢዎች እጅግ ከሚወዷቸው መጻሕፍት አንዱ በ1972 የታተመው የካትሊን ውዲዊስ «ዘ ፍሌም ኤንድ ዘ ፍላወር» ነበር። በዚያ ታሪክ መጀመሪያ ላይ ግን ዋናው ወንድ ዋናዋን ሴት ይደፍራታል። መጽሐፉ ድርጊቱን «ሴተኛ አዳሪ መስላው ነው» በሚል ስሕተት ያለዝበዋል፤ ሰውየውም ኋላ ይለወጣል። ለዚያን ጊዜ አንባቢ ያ ማብራሪያ በቂ ሆኖ ተገኝቷል። ዛሬ እንዲህ ያለ ገጽ የያዘ አዲስ መጽሐፍ ቢወጣ ብዙ አንባቢ ከዚያ ገጽ አያልፍም። የዋጋው ልክ በጊዜ የሚለወጥ መሆኑን ይህ በግልጽ ያሳያል።

አስተያየት እንዴት ይሠራል

የዛሬዎቹ አንባቢዎች ዶት ያልነበራት አጭር ቋንቋ አላቸው። ከጠላትነት ወደ ፍቅር የሚሻገሩ ጥንዶች፣ ፍቅረኛ መስለው የሚያስመስሉ፣ አንድ አልጋ ብቻ ባለው ክፍል ለማደር የሚገደዱ፣ ከዓመታት በኋላ ዳግም የሚገናኙ፤ እያንዳንዱ የታሪክ ንድፍ የራሱ መለያ ስም አለው። የአልጋ ትዕይንቱ ምን ያህል ግልጽ እንደሆነ በበርበሬ ምልክት ቁጥር ይለካል። ይህ መለያ ለማያውቀው ሰው የታሪክን ፈጠራ የሚያደርቅ ይመስላል። አገልግሎቱ ግን ማጣራት ነው፤ ማስመሰልን የምትወድ አንባቢ ማስመሰል ያለበትን ታሪክ ታገኛለች፣ የሚሰለቻት ደግሞ ትርቀዋለች።

ስለዚህም ወቀሳ ራሱ ጥቆማ ይሆናል። «ለመሳሳም እንኳ ግማሽ መጽሐፍ ፈጀባቸው» የሚል ስሞታ፣ ቀስ እያለ የሚሞቅ ፍቅር ለምትወድ ሌላ አንባቢ ከማንኛውም ማስታወቂያ የበለጠ ይስባል። የኮከቦች አማካይ ይህንን ሁሉ ይደፈጥጠዋል። አንዷ በቋንቋው፣ ሌላዋ በወንዱ ጠባይ፣ ሦስተኛዋ በፍጻሜው ተቆጥተው እኩል ሁለት ኮከብ ቢሰጡ ቁጥሩ አንድ ነው፤ ለቀጣዩ አንባቢ የሚጠቅመው ግን ምክንያታቸው ነው።

ሙያ፣ ሥልጣን፣ ደኅንነት

ምክንያቶቹን በየፈርጁ ስናስቀምጣቸው ሦስት ዋና ዋና የዋጋ ዓይነቶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው ሙያና ኑሮ ነው። «ሃፒ ፕሌስ» ያን ያህል ያከራከረው ኤሚሊ ሄንሪ ራሷ ከአንድ ዓመት በፊት ተቃራኒውን ጽፋ ስለነበርም ይመስለኛል። በ2022 በወጣው «ቡክ ላቨርስ» ኖራ የምትባል የኒውዮርክ የደራስያን ወኪል አለች። በተለመዱት የፍቅር ፊልሞች እንደ ኖራ ያለችው ሥራ ወዳድ የከተማ ሴት፣ ወንዱ ለገጠሯ ልጅ ብሎ የሚተዋት ናት። መጽሐፉ ግን ታሪኩን ለእሷ ይሰጣታል። ኖራ ከተማዋንም የመጻሕፍቱን ዓለምም አትለቅም፤ የሚያፈቅራት አርታኢው ቻርሊ ነው በመጨረሻ ወደ ኒውዮርክ የሚመለሰው። ይህን የወደደች አንባቢ የሚቀጥለውን መጽሐፍ የምትመዝነው በዚሁ ሚዛን ነው። በዚያ ሚዛን ሃሪየት ተሸናፊ ትመስላለች። ታሪኩን በራሱ ያየች ሌላ አንባቢ ግን ሃሪየት የጣለችው ሙያ መጀመሪያም የእሷ እንዳልነበር ትከራከራለች። ጥሩ ክርክር ነው፤ ምክንያቱም ጥያቄው ስለ መጽሐፉ ብቻ አይደለም። አንድ ውሳኔ የፍቅር መሥዋዕት ወይም የራስ ነጻነት መሆኑ በምን ይለያል የሚለው፣ ከልብ ወለድም ውጭ ቀላል መልስ የለውም።

ሁለተኛው ሥልጣን ነው። በ2021 የታተመው የአሊ ሄዝልዉድ «ዘ ላቭ ሃይፖተሲስ» መነሻው የ«ስታር ዋርስ» አድናቂዎች ድርሰት ነበር። ኦሊቭ በስታንፎርድ የዶክትሬት ተማሪ ናት፤ አዳም ደግሞ በዚያው ትምህርት ክፍል ፕሮፌሰር ነው። አዲስ ፍቅረኛ እንዳላት ጓደኛዋን ለማሳመን ስትል ድንገት ትስመዋለች፤ ከዚያ በኋላ ፍቅረኛ መስለው ለመታየት ይስማማሉ። የተቃወሙ አንባቢዎች ፕሮፌሰርና ተማሪ እኩል ሆነው ሊዋደዱ አይችሉም ይላሉ። የደገፉት ደግሞ አዳም የኦሊቭ አማካሪ አለመሆኑን ይጠቅሳሉ። መጽሐፉም ሥልጣኑን መከታ አድርጎ ኦሊቭን የሚተናኮል ሌላ ተመራማሪ በማስገባት፣ ልዩነቱን ሆን ብሎ ጎን ለጎን ያቆመዋል። ደራሲዋ ራሷ የነርቭ ሳይንስ ምሁር ስለሆነች የቤተ ሙከራውን ሕይወት አጥርታ ታውቀዋለች፤ ክርክሩን ያጠነከረውም ይኸው እውነተኛነት ነው። ዓለሙ የምር በመሰለ ቁጥር አንባቢ በምሩ ዓለም ሕግ ይዳኘዋል።

ሦስተኛውና ከባዱ ደኅንነት ነው። እዚህ ላይ የኮሊን ሁቨርን «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» የሚያክል ምሳሌ የለም። በ2016 የታተመው ይህ ልብ ወለድ ቦስተን ውስጥ የአበባ መደብር የከፈተችውን የሊሊን ታሪክ ይናገራል። አባቷ እናቷን ሲደበድብ እያየች ያደገችው ሊሊ፣ ራይል ከተባለ የነርቭ ቀዶ ሐኪም ጋር ትዋደዳለች፣ ትጋባለች። ቀስ በቀስ እሱም እጁን ያነሣባታል። ልጃቸው ከተወለደች በኋላ ትለየዋለች። ሁቨር ታሪኩ ከእናቷ ሕይወት የተቀዳ መሆኑን ተናግራለች።

የክርክሩ ሥር መጽሐፉ በቆመበት መደርደሪያ ላይ ነው። በዚያው ዓመት ጉድሪድስ በተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ የአንባቢዎች ምርጫ በሮማንስ ዘርፍ አሸንፏል። የጀርባ ሽፋኑ በሁለት ወንዶች መካከል የቆመችን ሴት ይጠቁማል እንጂ ስለ ድብደባው በግልጽ አይናገርም። ደጋፊዎች ይህ ዝምታ የመጽሐፉ ብልሃት ነው ይላሉ። አንባቢዋ እንደ ሊሊ ራይልን መውደድ አለባት፤ ያኔ ብቻ ነው «ለምን ቶሎ አልወጣችም?» የሚለውን የጎረቤት ጥያቄ ባዶነት የምትረዳው። ተቃዋሚዎች ደግሞ ዱላን በገዛ ቤቷ የቀመሰች ሴት ምን እንደሚጠብቃት ሳታውቅ እንድትገባበት ማድረግ ብልሃት ሳይሆን ግዴለሽነት ነው ይላሉ። በ2023 መጀመሪያ በመጽሐፉ ላይ የተመሠረተ የቀለም መቀቢያ ደብተር ሊወጣ መሆኑ ሲሰማ ቁጣው ገንፍሎ፣ ሁቨር ይቅርታ ጠይቃ ደብተሩ ቀረ። በነሐሴ 2024 ፊልሙ ሲወጣም ማስታወቂያው አበባና ፍቅርን አጉልቷል በሚል ወቀሳው ተመለሰ።

እኔ በዚህ ክርክር ሁለቱም ወገኖች እውነት የያዙ ይመስለኛል፤ የሚነጋገሩት ግን ስለተለያዩ ነገሮች ነው። ደጋፊዎቹ ስለ ድርሰቱ፣ ተቃዋሚዎቹ ስለ ሽያጩ ይናገራሉ። ከራይል መለየት የታሪኩ ድል ስለሆነ ድርሰቱ ሊከበር ይችላል። ሮማንስ የሚለው መለያ ግን አንባቢዋ ከምታፈቅረው ሰው ጋር በሰላም እንደምትደርስ የተገባላት ቃል ነው፤ ያ ቃል እንዲህ ባለ መጽሐፍ ላይ ሲለጠፍ ማስጠንቀቂያ የሚያስፈልጋትን ሴት ያዘናጋል። ከወጣትነቷ ጀምሮ የምታውቀው አትላስ በፍጻሜው ብቅ ማለቱ የዘውጉን ሕግ በፊደሉ ሊያሟላ ይሞክራል። አንባቢዋ ከመጀመሪያው ልቧን ያዋሰችው ግን ለራይል ነበር።

የእንባ ቪዲዮና የጎደለው ዓረፍተ ነገር

«ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ» ከታተመ ከአምስት ዓመት በላይ ቆይቶ በ2022 የኒውዮርክ ታይምስ የሽያጭ ሰንጠረዥ አናት ላይ የወጣው በዋናነት በቲክቶክ አንባቢዎች ነው። እዚያ አስተያየት ፊት አለው፤ አንባቢዋ የመጨረሻውን ገጽ ዘግታ ስታለቅስ ትታያለች። የዶት ደንበኞች የሚያምኑት የዶትን ፍርድ ነበር፤ የቲክቶክ ተመልካች የሚያምነው እንባውን ነው። እንባ ደግሞ መጽሐፉ ምን ያህል እንደሚነካ ይናገራል እንጂ በምን እንደሚነካ አይናገርም። «ሃፒ ፕሌስ»ም ያስለቅሳል፣ «ኢት ኤንድስ ዊዝ አስ»ም ያስለቅሳል፤ ለሁለቱ የሚያስፈልገው ዝግጅት ግን ፈጽሞ አይገናኝም። የጎደለው አንድ ዓረፍተ ነገር ነው፤ ጀግናዋ ለዚህ ፍጻሜ ምን ከፈለች?

ያንን ዓረፍተ ነገር የያዘ አስተያየት፣ አንድ ኮከብም ይሁን አምስት፣ ከመጽሐፍ ምርጫ በላይ ይጠቅማል። ዘውጉ በ1972ም በደስታ ያበቃ ነበር፣ ዛሬም በደስታ ያበቃል። የተለወጠው አንባቢዎች ለዚያ ደስታ ሊከፈል ይገባል የሚሉት ልክ ነው። አንድ ዘመን በስሕተት ተፈጽሟል ብሎ ያለፈውን ግፍ ሌላው ዘመን ከመጀመሪያው ገጽ ይከለክላል፤ ቀጣዩ ዘመን ደግሞ የተተወ ሙያን ሒሳብ ይጠይቃል። ሴቶች ከፍቅር ምን እንደሚጠብቁና ለፍቅር ሲሉ ምን መተው እንደማይፈልጉ ማጥናት የሚሻ ሰው፣ ከመጻሕፍቱ እኩል በመጻሕፍቱ ላይ የተነሡትን ጠቦች ማንበብ ይኖርበታል።