ከኮታው በፊት ቆጠራው ይቅደም

በአሥር ሳንቲማችን ላይ ምስሉ የተቀረጸው ባለ ጠማማ ቀንድ እንስሳ ደጋ አጋዘን ነው። ከኢትዮጵያ በቀር በየትም አገር የለም፤ በዋናነት የሚገኘውም በባሌና በአርሲ ተራሮች ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ለመጥፋት አደጋ ከተጋለጡት መድቦታል። ታዲያ እንዲህ ያለው እንስሳ በፈቃድ ይታደናል ሲባል ብዙ ሰው ይደነግጣል። ሕጉ ምን ይላል?

በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት የተፈጥሮ ሀብት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 541ም ያለ ፈቃድ ማደንን ከልክሏል። ፈቃዱ ደግሞ በኮታ የተገደበ ነው። ኮታ ማለት በአንድ የአደን ቦታ በአንድ ዓመት ስንት እንስሳ ሊታደን እንደሚችል የሚወስን ቁጥር ነው። የሚታደነውም ያረጀ ወንድ እንዲሆን ይፈለጋል። አንድ ወንድ ብዙ ሴቶችን ስለሚያጠቃ፣ ጥቂት ሽማግሌዎች ቢቀነሱ ውልደቱ አይጎድልም። ቁጥሩ ከልክ ካለፈ ግን ሽማግሌው አልቆ ወደ ጎልማሳው ይኬዳል።

ደጋፊዎቹ «አዳኙ የሚከፍለው የውጭ ምንዛሪ ጫካውን ያስከብረዋል» ይላሉ። እኔም ይህን ክርክር አልንቀውም። የአጋዘኑ ትልቁ ጠላት ባለ ፈቃዱ አዳኝ ሳይሆን፣ ጫካውን ገፍቶ የሚገባው እርሻ፣ የከብት ግጦሽና የእንጨት ቆረጣ ነውና። በ1983 ዓ.ም. በመንግሥት ለውጡ ግርግር በባሌ ተራሮች ፓርክ ብዙ አጋዘኖች የተገደሉትም በፈቃድ አልነበረም።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። በጋይሳይ ሜዳ የሚግጠውን አጋዘን መቁጠር ይቻላል፤ ጥቅጥቅ ባለው ጫካ ውስጥ ያለውን ግን እንዴት ይቆጥሩታል? በየጊዜው የቀረቡት ግምቶች ከ2,000 በታች ጀምረው እስከ 4,000 ገደማ ይደርሳሉ። ለ4,000 ልከኛ የሆነ ኮታ ለ2,000 ከልክ ያለፈ ነው።

አሜሪካኖች በልማድ አጋዘን ብለን የምንጠራውን የእነርሱን «ዲር» እንዴት እንደያዙት እንመልከት። ባለፈው ምዕተ ዓመት መግቢያ ላይ ከግማሽ ሚሊዮን በታች ወርዶ ነበር። አደኑን በሕግ ገደቡት፤ ዛሬ 30 ሚሊዮን ገደማ ደርሷል። አሁን ደግሞ በየመንገዱ ከመኪና እየተጋጨ ስላስቸገረ፣ ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩበት በሰሜን ቨርጂኒያ አዳኙ ሴቷንም እንዲያድን ሕጉ ይገፋፋዋል። ሕጉ እንደ እንስሳው ብዛት ይጠብቃል፣ ይላላል። ቀድሞ የሚታየው ቁጥሩ ነው።

የእኛ አጋዘን ገና በመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ነው። ስለዚህ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ኮታ ሲወጣ የተመሠረተበት ቆጠራ አብሮ ለሕዝብ ይገለጽ። ከክፍያው ለአካባቢው ገበሬ ስንት እንደደረሰም በብር ይነገር፤ ከአጋዘኑ የማይጠቀም ገበሬ ጫካውን የሚጠብቅበት ምክንያት የለውምና። ሀብቱ የሕዝብ ከሆነ ሒሳቡም የሕዝብ ነው። አለዚያ አጋዘናችን እያሳሳቀ በሚወስድ ውሃ ተወስዶ፣ የሚቀረን በሳንቲሙ ላይ ያለው ብቻ ይሆናል።