ካኖን ወይስ ኒኮን፤ የመጀመሪያ ካሜራውን ለሚገዛ ሰው

ፎቶግራፍ ማንሣትን በቁም ነገር ሊማር ያሰበና ገንዘቡን አጠራቅሞ የመጀመሪያውን ዲ ኤስ ኤል አር ካሜራ ሊገዛ የተነሣ ሰው ወደ ገበያ ሲወጣ፣ ከዋጋው ጥያቄ በፊት የሚጠብቀው የሃይማኖት ክርክር የሚመስል ነገር ነው። አንዱ ፎቶ አንሺ ከካኖን በቀር የሰውን የፊት መልክ በትክክል የሚያወጣ የለም ብሎ ይምላል፤ ሌላው ደግሞ ኒኮን ያልያዘ ሰው በጨለማ ውስጥ ያለውን ነገር አያነሣም ብሎ ይገዝታል፤ ሁለቱም እንደ ጎንደር ዘመን የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት ጥቅስ እየጠቀሱ ሲሟገቱ፣ ገዢው ገንዘቡን በኪሱ ይዞ በመካከላቸው ቆሞ ይቀራል። በእኔ አስተያየት ሁለቱ ፋብሪካዎች ለጀማሪ ባወጧቸው ካሜራዎች መካከል ያለው የፎቶ ጥራት ልዩነት ይህን ሁሉ ሙግት የሚያህል አይደለም፤ ሆኖም ምርጫው ከንቱ ነው ማለቴ አይደለም፤ ሰው የሚሟገትበት ቦታና ልዩነቱ ያለበት ቦታ ተለያዩ እንጂ።

የዲ ኤስ ኤል አር ካሜራ አሠራር ይህን ይመስላል። ብርሃን በሌንሱ በኩል ገብቶ በካሜራው ሆድ ውስጥ በ45 ዲግሪ ተጋድሞ የተቀመጠውን መስታወት ይመታል፤ ከዚያም ወደ ላይ ተንጸባርቆ፣ ከአናቱ ላይ ባሉት መስታወቶች ውስጥ ተመላልሶና ተቃንቶ፣ በመመልከቻው ቀዳዳ ወደ ፎቶ አንሺው ዓይን ይደርሳል፤ ስለዚህ ዓይን የምታየው ሌንሱ ራሱ የሚያየውን ነው። ጣት ቁልፉን በተጫነ ጊዜ መስታወቱ ብድግ ይላል፤ ከኋላው ያለው ሻተር የተባለው መጋረጃ ለቅጽበት ይከፈታል፤ ብርሃኑም የፊልምን ቦታ በወረሰው ሴንሰር ላይ ያርፋል። በዚህ ነገር ካኖንና ኒኮን አንድ ናቸው። በርካሾቹ ካሜራዎቻቸው ውስጥ ያለው ሴንሰር ሲለካ የኒኮኑ ወደ 23.5 በ15.6 ሚሊ ሜትር፣ የካኖኑ ወደ 22.3 በ14.9 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህችን ልዩነት ታትሞ በግድግዳ ላይ በተሰቀለ ፎቶ ውስጥ የሚለይ ዓይን አላጋጠመኝም።

የሚለያዩት ሌንሱ በሚገጠምበት የብረት ቀለበት ነው። የአንደኛው ሌንስ በሌላኛው ቀለበት አይገባም፤ ሲገጠም የሚዞርበት አቅጣጫ እንኳ ተቃራኒ ነው። ባለሙያዎች ቦዲ የሚሉት የካሜራው አካል በጥቂት ዓመት ውስጥ አዲስ ሞዴል ይወጣበትና ዋጋው ይወድቃል፤ ደኅና ሌንስ ግን ከአንዱ ቦዲ ወደ ሌላው እየተሸጋገረ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ያገለግላል። ስለሆነም ዛሬ ካሜራ የገዛ ሰው ነገ ሁለተኛና ሦስተኛ ሌንስ በጨመረ ቍጥር ከዚያ ቀለበት ጋር የገባውን ኪዳን እያጠበቀ ይሄዳል፤ ልቀይር ያለ ዕለትም ያለውን ሁሉ ሸጦ እንደ አዲስ መጀመር ይኖርበታል።

የእነዚህ ቀለበቶች ታሪክ ለዛሬው ገዢ ትርፍ ነገር እንዳይመስለው። ኒኮን በ1959 ዓ.ም.፣ ይኸውም እንደሌሎቹ ዓመታት ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር፣ ኤፍ የተባለውን ካሜራ ሲያወጣ የሠራውን ቀለበት መልኩን ሳይለውጥ በዲ ኤስ ኤል አር ካሜራዎቹ ሁሉ ላይ አቆየው፤ ካኖን ግን በ1987 የቀድሞውን ቀለበት ጨርሶ ትቶ ኢ ኤፍ የተባለውን አዲስ ቀለበት አወጣ። በዚያን ጊዜ የቀድሞ ሌንሶቻቸው በአዲሱ ካሜራ ላይ አልገባ ያሏቸው ደንበኞች እጅግ ቢያዝኑም፣ ካኖን በዚህ ጭካኔው አንድ ነገር አተረፈ፤ ፎከስ የሚያደርገውን ሞተር በእያንዳንዱ ሌንስ ውስጥ አኖረው። ኒኮን ደግሞ ለብዙ ዘመን ሞተሩን በቦዲው ውስጥ አድርጎ፣ ከቀለበቱ ጠርዝ ብቅ በምትል፣ የካቻቪቴ ጫፍ በምትመስል ትንሽ ዘንግ አማካይነት ሌንሱን ያዞር ነበር። በኋላ ግን በ2006 ለጀማሪዎች ዲ 40 የተባለውን ትንሽና ርካሽ ካሜራ ሲሠራ፣ ክብደትና ዋጋ ለመቀነስ ብሎ ያንን ሞተር ከቦዲው አወጣው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት የዲ 3000 እና የዲ 5000 ተከታታይ ካሜራዎችም እንዲሁ ሞተር የላቸውም፤ ዲ 90 እና የዲ 7000 ተከታታዮች ግን አላቸው።

ይህ ነገር በተግባር ምን እንደሚያመጣ ልግለጽ። አንድ ጀማሪ ዲ 3200 ገዝቶ ከወር በኋላ በርካሽ ያገኘውን አሮጌ የኒኮን 50 ሚሊ ሜትር ሌንስ ይገጥምበታል፤ ሌንሱ በቀለበቱ ላይ ቀጥ ብሎ ይገባል፣ ብርሃኑም ይለካል፣ ፎቶውም ይነሣል፤ ነገር ግን ቁልፉን ግማሽ ድረስ ቢጫነው ፎከሱ አይንቀሳቀስም፤ ካሜራው ሞተር የለው፣ ሌንሱም ሞተር የለው! በእጁ እያዞረ ከማንሣት በቀር ምርጫ የለውም፤ የሚሮጥ ሕፃን ማንሣት ያማረው እንደሆነም ፈተናው የከፋ ነው። ስለዚህ ሞተር የሌለውን የኒኮን ቦዲ የያዘ ሰው በሌንሱ ላይ ኤ ኤፍ-ኤስ፣ ቦዲው ከዲ 3200 አዲስ ከሆነም ኤ ኤፍ-ፒ የሚል ጽሑፍ መኖሩን ሳያይ ገንዘቡን አይክፈል። ካኖን የገዛ ሰው ከዚህ ሐሳብ ነጻ ነው፤ ከ1987 ወዲህ የተሠራ ማንኛውም የካኖን የኢ ኤፍ ሌንስ በጀማሪው ካሜራ ላይ ይሠራል። ጥንቃቄ የሚያሻው ወደ ፊት ትልቅ ሴንሰር ወዳላቸው ካሜራዎች ሲያድግ ነው፤ ኢ ኤፍ-ኤስ የሚባሉት ለትንሹ ሴንሰር የተሠሩ የካኖን ሌንሶች በእነዚያ ላይ አይገቡም፤ ዲ ኤክስ የሚባሉት የኒኮኖቹ አቻዎች ግን ይገባሉ፣ የፎቶው ዙሪያ ቢቈረጥም።

የሁለቱን ወገኖች ደጋፊዎች ጠላትነት የሰማ ሰው እነዚህ ፋብሪካዎች ከጥንት ጀምሮ ባላንጣ የነበሩ ይመስለዋል። ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ ካኖን በ1936 ለገበያ ያቀረበው የመጀመሪያው ካሜራ የተሸጠው ኒኮር በተባለ ሌንስ ነበር፤ ያንንም ሌንስ የሠራው በ1917 በቶኪዮ የተቋቋመውና በኋላ ኒኮን ተብሎ የተጠራው ድርጅት ነው። የኒኮር ሌንስ ስም በምዕራቡ ዓለም የገነነውም የእኛ የቃኘው ሻለቃ ጦር በዘመተበት በኮሪያ ጦርነት ጊዜ፣ የአሜሪካ ፎቶ አንሺዎች እየገዙ ስለተጠቀሙበት ነው።

ወደ ዛሬው ጉዳይ ስንመለስ፣ በጥራት በኩል ልዩነት ጨርሶ የለም ብል ሐሰት ይሆንብኛል። ከ2010 ወዲህ ባሉት ብዙ ዓመታት የኒኮን ካሜራዎች በጨለማው የፎቶ ክፍል ውስጥ ተሰውሮ የቀረውን ነገር በኋላ በኮምፒውተር አብርቶ ለማውጣት ከካኖን አቻዎቻቸው የበለጠ ኃይል ነበራቸው። በአንድ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ በጠባብ መስኮት የገባ የብርሃን ዘንግ አንዱን ዐምድ አብርቶ ሌላውን ሁሉ በጽልመት ሲተወው፣ ፎቶ አንሺው ብርሃኑ እንዳይቃጠልበት አጨልሞ ያነሣና ጽልመቱን በኋላ ይገልጠዋል፤ በዚህ ጊዜ የዚያ ዘመን ካኖን በጽልመቱ ውስጥ መሥመር መሥመር ያለ ቆሻሻ ሲያሳይ ኒኮኑ ንጹሕ ሆኖ ይወጣል። በቪዲዮ ግን ፍርዱ ይገለበጣል። ካኖን በ2013 ከወጣው 70 ዲ ጀምሮ ዱዋል ፒክስል የተባለውን ብልሃት በሴንሰሩ ላይ ስላሳረፈ፣ ቪዲዮ ሲቀረጽ ፎከሱ ተረጋግቶ ሰውየውን ይከተላል፤ የኒኮን ዲ ኤስ ኤል አር ግን በዚያው ሥራ ወደ ፊትና ወደ ኋላ እያለ ይዋልላል። ሠርግ ቀርጾ እንጀራውን ሊበላ የተነሣ ወጣት እንግዲህ 70 ዲን፣ ወይም በ2017 የወጡትን 200 ዲንና 800 ዲን ቢፈልግ ይሻለዋል፤ 700 ዲ ይህ ብልሃት እንደሌለው ግን ልብ ይበል።

የፊት ቀለም ነገር ግን አብዛኛው ወሬ ነው። በጥምቀት ዕለት በጃን ሜዳ ነጭ የለበሰውን ሕዝብ ያነሣ ሰው የሁለቱንም ካሜራዎች አንድ ዐይነት ጉድለት ያያል፤ የብርሃን መለኪያቸው የሚያየውን ሁሉ መካከለኛ አመድማ አድርጎ ስለሚገምት፣ ነጠላው ይዳምናል፣ የጠይሙም ሰው ፊት ይብሱን ይጠቁራል። መድኃኒቱ ካሜራውን በአንድ ደረጃ ያህል አብራ ብሎ ማዘዝ ነው። እዚህ ላይ ነው እጅ የራሱን ምርጫ የሚናገረው፤ በ700 ዲ ላይ ከስክሪኑ አጠገብ ያለውን የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ በአውራ ጣት ተጭኖ፣ ከላይ ያለውን መዘውር በሌባ ጣት ማዞር ነው፤ በኒኮን ዲ 3000 ተከታታዮች ላይ ደግሞ ቁልፉ ከላይ፣ መዘውሩ ከኋላ ስለሆነ፣ የጣቶቹ ሥራ ይገለበጣል። ገዢው በሱቁ ውስጥ ሁለቱንም ይዞ ዓይኑን ከመመልከቻው ሳያነሣ ይህን አንድ ነገር ደጋግሞ ይሞክር፤ ከሜጋፒክስል ቍጥር ይልቅ ይህ ሙከራ ይጠቅመዋል።

በእኛ አገር ብዙ ካሜራ የሚመጣው ከውጭ በሚመጣ ዘመድ እጅ ስለሆነ አንድ ነገር መጨመር ይገባል። ካኖን አንዱን ካሜራ በየአህጉሩ በልዩ ልዩ ስም ይሸጠዋል፤ በአውሮፓ 700 ዲ የተባለው በአሜሪካ ሬብል ቲ 5 አይ ነው። ስለዚህ ለዋሽንግተኑ አጎቱ 700 ዲ ላክልኝ ብሎ የጻፈ ሰው፣ አጎትየው በዚያ ስም ፈልጎ ቢያጣው አይቀየም። የባትሪ ቻርጀሩ ከ100 እስከ 240 ቮልት ስለሚቀበል የአሜሪካው ካሜራ በእኛ መብራት አይቃጠልም፤ የሶኬት መቀየሪያ ብቻ ይበቃዋል። ዋስትናው ግን በአብዛኛው በተገዛበት አገር የሚቀር ነው።

ያገለገለ ካሜራ መግዛት አያሳፍርም፤ እንዲያውም እመክረዋለሁ። የጀማሪ ካሜራ ሻተር ዕድሜ ብዙውን ጊዜ ወደ 100,000 ፎቶ ተብሎ ይገመታል፤ የኒኮን ካሜራ ስንት ጊዜ እንደተነሣበት በፎቶው ፋይል ውስጥ ጽፎ ስለሚያስቀምጥ አንድ ፎቶ አንሥቶ ማንበብ ይቻላል፤ ካኖን ግን ይህን በግልጽ ስለማያሳይ ልዩ ፕሮግራም ይፈልጋል፤ ሻጩ አላውቅም ካለም ሁልጊዜ ዋሽቶ አይደለም። አፐርቸር የሚባለውን የሌንሱን የብርሃን ቀዳዳ ወደ ኤፍ 22 አጥብቦ ባዶ ሰማይ ማንሣት ሴንሰሩ ላይ ያለውን ቆሻሻ ያጋልጣል፤ ሌንሱን ከቦዲው አውልቆ በብርሃን ፊት አሾልኮ ማየት ደግሞ በመስታወቱ ውስጥ የሸረሪት ድር መስሎ የበቀለውን ሻጋታ ያሳያል። ሻጋታ ያለበትን ሌንስ ግማሽ ዋጋ ቢሉትም አይውሰደው።

ከካሜራው ጋር የሚመጣው ከ18 እስከ 55 የሆነው ዙም ለመማሪያ በቂ ነው፤ በቤት ውስጥ ግን ብርሃን ያጥረዋል። የመጀመሪያ ጭማሪ ገንዘብ ለ50 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 ሌንስ ቢወጣ፣ ከዚያ ዙም የ55 ጫፍ ይልቅ ዐሥር እጥፍ የሚያህል ብርሃን ያስገባል። የካኖኑ እጅግ ርካሽ ነው፤ ሆኖም በትንሽ ሴንሰር ላይ እይታው ስለሚጠብ ለጠባብ ሳሎን አይመችም። ኒኮን ለዚህ በ2009 ያወጣው 35 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 አለው፤ ካኖን በዚያ ዋጋ እኩያውን አልሠራለትም፤ ይህን አንዱን ሌንስ ብቻ አይቶ ኒኮን የገዛ ሰው ተሳሳተ አልለውም።

ፔንታክስና ሶኒስ ቢባል፣ ፔንታክስ በቦዲው ውስጥ የእጅን መንቀጥቀጥ የሚያርም ጥሩ ካሜራ ይሠራል፤ ነገር ግን ሌንስ የሚያውስ ጎረቤት ማግኘት ከባድ ነው። ሶኒ በ2006 የኮኒካ ሚኖልታን የካሜራ ሥራ ተረክቦ ከጀመረው ከዲ ኤስ ኤል አር ሥራ ወጥቷል። ለዚህም ነው ቪዲዮ ወይም ጽልመት የተለየ ጉዳይ ያልሆነበት ሰው፣ ወንድሙ ወይም የሥራ ባልደረባው የያዘውን ቀለበት ይግዛ የምለው፤ ቅዳሜ የሚዋሰው ሌንስ ከማስታወቂያው ሁሉ ይበልጥበታልና።

ዘመኑ ወደ ሚረርለስ፣ መስታወት ወደሌለው ካሜራ፣ ማለፉም አይካድም። ካኖንና ኒኮን በ2018 አዲሶቹን ቀለበቶቻቸውን አውጥተዋል፤ ያገለገለው ዲ ኤስ ኤል አር የረከሰውም ስለዚህ ነው። የካኖን ኢ ኤፍ ሌንስ በአስማሚ አማካይነት በአዲሱ ካሜራ ላይ ፎከሱ ሳይጓደል ይሠራል። ኤፍ ቲ ዜድ በሚል ስም የሚሸጠው የኒኮን አስማሚ ሁሉ ግን ሌንሱን የምታዞረው ያቺ ትንሽ ዘንግ ስለሌለችው፣ ሞተር የሌለው አሮጌ የኒኮን ሌንስ በዲ 3200 ላይ እንደነበረ ሁሉ በዚያም ላይ በእጅ የሚዞር ሆኖ ይቀራል።