ጎጆ ወጪዎችና የፎቅ ቤት ኑሮ

በራዲዮ ከተሰጠ ንግግር

በአገራችን ልማድ አንድ ጐልማሳ ትዳር ይዞ ከወላጆቹ ቤት ሲለይ «ጎጆ ወጣ» ይባላል። ጎጆ ማለት በእንጨትና በጭቃ ታንፆ በሣር የሚከደን ቤት መሆኑን ሁሉም ያውቀዋል። ዛሬ ግን በአዲስ አበባ ከተማ ጎጆ ከሚወጡት ባልና ሚስት ብዙዎቹ የሚገቡት በሲሚንቶና በብረት ወደ ተሠራ የፎቅ ቤት ነው። ስሙ እንደ ጥንቱ ጎጆ መባሉ አልቀረም፤ የኑሮው ሥርዓት ግን ተለውጧል። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» እንደሚባለው፣ ቤት ስለ ተለወጠ ብቻ ኑሮ አይጣፍጥም፤ ቤቱ የሚጠይቀውን ዕውቀትና ጠባይ ይዞ መግባት ያስፈልጋል። የዛሬው ንግግራችን ዓላማም ይኸንኑ በአጭሩ ማስረዳት ነው።

በአዲስ አበባ የጋራ መኖሪያ ቤቶች ሥራ የተጀመረው በ1996 ዓ.ም. ገደማ በቦሌ ገርጂ በተሠሩት ሕንፃዎች ነበር። ከዚያ ወዲህ በጎተራ፣ በጀሞ፣ በሰሚት፣ በየካ አባዶ፣ በቱሉ ዲምቱና በሌሎችም ስፍራዎች ብዙ ሕንፃዎች ተሠርተዋል። ሕዝቡ በ1997 ዓ.ም.፣ ኋላም በ2005 ዓ.ም. እየተመዘገበ ቤቱን በዕጣ ተረክቧል። 20/80 የሚባለው ቤት ደራሽ የሆነው ሰው ከዋጋው 20 ከመቶውን ራሱ ከፍሎ 80 ከመቶውን ከባንክ ተበድሮ ቀስ በቀስ የሚከፍልበት ነው፤ በ40/60 ደግሞ ቆጣቢው 40 ከመቶ ያዋጣል። ዕጣ ያልደረሳቸው ብዙ ጎጆ ወጪዎችም እነዚህኑ ቤቶች ከባለቤቶቻቸው ተከራይተው ይኖራሉ።

በግቢ ቤት የኖረ ሰው ወለሉ የሚያርፈው በመሬት ላይ ነው፤ ከጣሪያው በላይም ከሰማይ በቀር የለም። ውሃ ቢደፋ መሬት ይጠጣዋል፤ ጭስ ቢነሣ በቆርቆሮውና በግድግዳው መካከል ባለው ክፍተት ይወጣል። በፎቅ ቤት ግን የአንዱ ወለል የሌላው ጣሪያ ነው። ባልና ሚስት ይህን አንድ ነገር ከልባቸው ካሳደሩ፣ ከዚህ ቀጥለን የምንናገረውን ሁሉ ግማሹን ዐወቁት ማለት ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃና ስለ ክብደት እንናገር። በብዙዎቹ የጋራ ሕንፃዎች፣ ይልቁንም ከምድር ቤቱ በላይ አራት ፎቅ ባላቸው፣ አሳንሰር የለም፤ ዕቃ የሚወጣው በሰው ትከሻ ነው። ስለዚህ ሶፋ፣ ቁም ሣጥን ወይም አልጋ ከመግዛት በፊት ሁለቱም ሜትር ይዘው የደረጃውን መታጠፊያና የበሩን ስፋት መለካት ይገባቸዋል። ከገበያ የመጣው ሶፋ ደረጃው ላይ አልታጠፍ ብሎ ሲቀር የሚነሣው ክርክር «ማን መረጠው?» የሚል ነውና፣ ለካ መባባል የሚሻለው ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ነው።

የውሃ ማጠራቀሚያም ብርቱ ጥንቃቄ ያሻዋል። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። 200 ሊትር የሚይዘው በርሜል ሲሞላ 200 ኪሎ፣ 1000 ሊትር የሚይዘው ሮቶ ሲሞላ አንድ ቶን ይሆናል። መሐንዲሶች የመኖሪያ ቤት ወለል ሲነድፉ የሚያስቡት ጭነት ግን በሜትር ካሬ 200 ኪሎ ግራም ገደማ ነው። እንግዲህ አንድ ሮቶ በአንድ ሜትር ካሬ ላይ ማቆም ወለሉ ከታሰበለት አምስት እጥፍ መጫን መሆኑን ልብ ይሏል። ጥቂት ጀሪካኖችን በግድግዳው ጥግ ማሰለፍ ሊበቃ ይችላል፤ ትልቁን ማጠራቀሚያ ማስቀመጥ የሚፈልግ ግን አስቀድሞ ባለሙያ ይጠይቅ።

ወለሉን ሴራሚክ ለማልበስ ወይም ክፍል ለማስፋት የሚፈልጉም አሉ። ብዙዎቹ ቤቶች ሲሰጡ የውስጥ ሥራቸው አላለቀም ነበርና ይህ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን ሕንፃውን የተሸከሙት ዓምዶችና አግዳሚ ተሸካሚዎች የአንድ ቤት ንብረት አይደሉም፤ እነርሱን መቦርቦር የላዩንም የታቹንም ጎረቤት ሕይወት መንካት ነው። በአንዳንዱ ቤት ክፍሎቹ የተለዩበት ግድግዳ ከአግሮስቶን የተሠራ ስለሆነ ከባድ መደርደሪያ በተራ ምስማር ቢሰቅሉበት አይሸከምም።

ወደ ውሃው ነገር እንመለስ። ውሃ ወደ ላይ በወጣ ቁጥር በየ10 ሜትሩ አንድ ባር ያህል ግፊት ያጣል። አራተኛ ፎቅ ከምድር ቤቱ ወደ 12 ሜትር ከፍ ይላልና፣ ከታች በደኅና የሚፈሰው ውሃ ከላይ ሲደርስ ሊንጠባጠብ ወይም ጨርሶ ሊጠፋ ይችላል። ስለዚህ የላይኛው ነዋሪ ውሃ ሲጠብቅ ሌሊት ይነቃል፤ ግፊቱ የሚበረታው ሌላው ሰው ሲተኛ ነውና። ከዚህ ላይ አንድ ብዙ ጉዳት የሚያመጣ ልማድ አለ። ውሃ በተቋረጠበት ሰዓት ቧንቧውን ከፍተው፣ ውሃ አለመኖሩን አይተው፣ ሳይዘጉት ወደ ሥራ የሚሄዱ አሉ። ውሃው በቀን ሲመለስ ቤቱን ሞልቶ ወደ ታች ይወርዳል፤ የታችኛው ጎረቤት አልጋና ምንጣፍ ይበሰብሳል። ባልና ሚስት ከቤት ሲወጡ አንዳቸው በሩን ሲቆልፉ ሌላቸው ቧንቧዎቹን ቢፈትሹ ይህ ሁሉ ይቀራል። የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ማንጠብጠብ ከጀመረም «ሳይቃጠል በቅጠል» ነውና ወዲያው ማሠራት ይገባል።

ቀጥሎ የሚመጣው የኤሌክትሪክ ነገር ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3500 ዋት ያህል ኃይል ይወስዳል። ይህ ባለ 10 ዋት አምፖል 350 በአንድነት እንደ ማብራት ነው። በ220 ቮልት ሲሰላ ወደ 16 አምፔር ይደርሳል፤ ይህም አንድ ደኅና የግድግዳ መሰኪያ ሊሸከመው የሚችለው የመጨረሻው መጠን ነው። እንግዲህ በቀጭን ገመድ ወደ ብዙ ከሚከፈል ኤክስቴንሽን ላይ ምጣድ ሰክቶ፣ በዚያው ላይ ምድጃና ካውያ መጨመር ገመዱን ያግላል፤ ልባሱንም ያቀልጣል፤ በመጨረሻም እሳት ያስነሣል። ብሬከር የሚባለው ማቋረጫ ደጋግሞ ሲወድቅ «አስቸገረን» ብሎ በትልቅ መለወጥ አደገኛ ነው፤ ማቋረጫው የሚወድቀው ገመዱ ከአቅሙ በላይ መሸከሙን ሲናገር ነውና። ምጣድ ለብቻው የተዘረጋ ወፍራም ገመድና የራሱ ማቋረጫ ያስፈልገዋል፤ ሥራውም የኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው።

አሁን ከሁሉ ይልቅ ወደሚያስፈራው ነገር ደርሰናል፤ እርሱም ከሰል ነው። ቡና በከሰል ማፍላት የቆየ ልማዳችን ነው፤ በብርድ ጊዜም ማንደጃውን ወደ መኝታ ቤት የሚያስገቡ አሉ። ከሰል ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ዓይን አያየውም፣ አፍንጫ አይለየውም። በምንተነፍሰው አየር ገብቶ ኦክሲጅንን ከሚሸከመው የደማችን ክፍል ጋር ከ200 ጊዜ በላይ በሚበልጥ ብርታት ይጣበቃል፤ ስለዚህ ኦክሲጅኑ ስፍራ ያጣል። በመጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል፤ ከዚያም ጉልበት ይከዳል። የተኛ ሰው ግን ይህን ምልክት ሳያውቀው እንደ ተኛ ይሞታል።

በጭቃ ቤት ይህ መርዝ በየቀዳዳው የሚወጣበት ጊዜ ነበር። የፎቅ ቤት ግን በሮቹና መስኮቶቹ ብረትና መስታወት ሆነው ጥብቅ ብለው የሚዘጉ ናቸው። ስለዚህ የተያያዘ ከሰል ተዘግቶ በሚታደርበት ክፍል ከቶ መግባት የለበትም፤ ከስሟል ተብሎ በዐመድ የተዳፈነውም ቢሆን ውስጡ እየነደደ መርዙን ማውጣቱን አይተውምና። ቡና ሲፈላ ከሰሉ በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፤ መስኮቶች ወዲያና ወዲህ ይከፈቱ፤ ቡናው ሲያበቃ ማንደጃው ወደ ውጭ ይውጣ። ሰው ራሱን ቢስት ፈጥኖ ወደ ንጹሕ አየር ማውጣትና ወደ ሐኪም ቤት ማድረስ ያስፈልጋል። አዲስ ሙሽሮች ከዚህ ንግግር አንዱን ብቻ ይይዙ እንደ ሆነ ይህን ይያዙ።

ከዚህ ቀጥሎ ስለ ድምፅ ጥቂት እንበል። ሲሚንቶና ብረት ንዝረትን አሳምሮ ያስተላልፋል። በአራተኛ ፎቅ ወለል ላይ የሚወቀጥ በርበሬ በሦስተኛው ፎቅ ለተኛ ሕፃን እንደ ነጐድጓድ ነው። ስለዚህ ሙቀጫና ዘነዘና ወደ ምድር ይውረዱ። በብዙ ስፍራዎች «ኮሚናል» እየተባለ የሚጠራ የጋራ ቤት ከሕንፃዎቹ ጋር የተሠራውም እንጀራ ለመጋገር፣ በግ ለማረድ፣ ልብስ ለማጠብና ለድግስ እንዲሆን ታስቦ ነው። እዚያ መሄድ የማይቻል ከሆነ ደግሞ ብርድ ልብስ አጥፎ ከሙቀጫው ሥር ማንጠፍና ሥራውን በቀን ማድረግ የጎረቤትን ፍቅር ያተርፋል።

ጎረቤትን ካነሣን ስለ ሕጉ መናገር ግድ ነው። በ1995 ዓ.ም. የወጣው የጋራ ሕንፃ ቤት ባለቤትነት አዋጅ ቁጥር 370 ቤትን ከሁለት ከፍሎ አየው፤ አንዱ እያንዳንዱ ባለቤት ለብቻው የሚይዘው ክፍል ነው፤ ሁለተኛው እንደ ደረጃው፣ እንደ ጣሪያውና እንደ መሠረቱ ያለው ሁሉም በጋራ የሚይዙት ነው። የጋራውን የሚያስተዳድር የባለቤቶች ማኅበር እንዲቋቋምም ደነገገ። ስለዚህ ለጥበቃ፣ ለደረጃ መብራትና ለፍሳሽ ማስወገጃ የሚከፈለው መዋጮ የራስን ቤት መጠበቂያ ነው። አዲስ የገቡ ባልና ሚስት በመጀመሪያው ሳምንት የማኅበሩን መተዳደሪያ ደንብ ጠይቀው ቢያነቡ፣ ከላይና ከታች ያሉትንም ጎረቤቶች ቡና ጠርተው ቢተዋወቁ ይጠቀማሉ። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚባለው በፎቅ ቤት እጅግ እውነት ነው፤ ቧንቧ ሲፈነዳ፣ ምጥ ሲመጣ የሚደርሰው እርሱ ነውና። የቀድሞውን ሰፈር ዕድር ሳይተዉ የአዲሱንም ሰፈር ዕድር መግባት ቢከብድም፣ ለቅሶና ድግስ በሚመጣበት ቀን ጥቅሙ ይታያል።

ተከራዮችም የራሳቸው ጥንቃቄ አላቸው። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ፣ ዘመኑም ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ደንግጓል። በቃል ተማምነው የገቡ ሰዎች ሲጣሉ ምስክር ያጣሉና ውሉን ጽፎ መያዝ ለሁለቱም ወገን ደግ ነው።

በመጨረሻ ወደ ባልና ሚስቱ ወደ ራሳቸው እንመለስ። ሰፊ ግቢ ለተቆጣ ሰው መናፈሻ ይሆነው ነበር፤ በአንድ መኝታ ቤት ግን ኩርፊያ እንኳ መሸሸጊያ የለውም። ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ገና ሲገቡ ቢመካከሩባቸው መልካም ነው። አንደኛው የገንዘብ ነገር ነው። የባንኩ ዕዳ ወይም ኪራዩ፣ የማኅበሩ መዋጮ፣ ውሃውና መብራቱ ተደምሮ ከወር ገቢያቸው ምን ያህል እንደሚወስድ በወረቀት ይጻፉት፤ ቴሌቪዥኑና መጋረጃው ከዚያ ይከተላል። «ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ፤ አሁን ምን ያደርጋል ድስት ጥዶ ማልቀስ» የተባለው ለዚህ ነው።

ሁለተኛው የባለቤትነት ነገር ነው። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ ባልና ሚስት በጋብቻ ላይ ያሉበት ንብረት የአንዳቸው የግል መሆኑ ካልተረጋገጠ የጋራ እንደ ሆነ ይገምታል፤ የጋራ የሆነውንም ቤት ለመሸጥ፣ ለማከራየት ወይም በመያዣ ለመስጠት የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ነገር ግን ዕጣው ከጋብቻ በፊት ለአንዳቸው ደርሶ፣ ዕዳው ከጋብቻ በኋላ ከሁለቱ ደመወዝ የተከፈለ እንደ ሆነ ኋላ ብርቱ ክርክር ሊያስነሣ ይችላል። ፍቅር በሞቀበት ጊዜ የሕግ ዐዋቂ ጠይቆ ስምምነትን በጽሑፍ ማድረግ ጥርጣሬ አይደለም፤ ደረሰኞችንም በአንድ ስፍራ መጠበቅ ለሁለቱም ዋስትና ነው።

ሦስተኛው የሥራ ክፍፍል ነው። በቀድሞው ግቢ እናት፣ እኅትና ጎረቤት የሚያግዙት ሥራ በፎቅ ቤት በሁለት ሰው ላይ ይወድቃል። ሁለቱም ከቢሮ መጥተው አንዷ ብቻ ወጥ ቤት ብትገባ፣ ጀሪካኑን ተሸክማ ደረጃ ብትወጣ፣ ቤቱ ለአንዱ ማረፊያ ለሌላዋ ግን ሌላ የሥራ ስፍራ ይሆናል። ውሃ መቅዳት፣ ልጅ መያዝ፣ ማብሰልና ማጽዳት ለወንድም ለሴትም የሚሆን ሥራ ነው። ከገጠር የመጡ ወላጆች ሲያድሩ ማን የት እንደሚተኛ እንኳ አስቀድሞ ተነጋግሮ መወሰን ከብዙ ቅሬታ ያድናል።

የተከበራችሁ አድማጮች፤ ትዳርን አባቶቻችን «ሦስት ጉልቻ» ያሉት ድስት የሚቆመው ሦስቱ እኩል ሲሸከሙት ስለ ሆነ ነው። የፎቅ ቤትም እንዲሁ ባል፣ ሚስትና ጎረቤት እያንዳንዳቸው ድርሻቸውን ሲሸከሙ ይቆማል። አዲስ ቤት የገባችሁ ሁሉ፣ ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት ቧንቧችሁንና ማንደጃችሁን ተመልከቱ። በዚሁ ንግግራችንን እንፈጽማለን።