ለቅሶና እልልታ በአንድ መሠረት ላይ

የባቢሎን ሠራዊት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ586 ዓመት ገደማ የሰሎሞንን ቤተ መቅደስ አቃጥሎ ሕዝቡን ማርኮ ወሰደ። ግማሽ ምእት ዓመት ያህል ካለፈ በኋላ የፋርስ ንጉሥ ቂሮስ ምርኮኞቹ እንዲመለሱ ፈቀደ፤ በተመለሱም በሁለተኛው ዓመት በዘሩባቤልና በኢዮሴዴቅ ልጅ በኢያሱ መሪነት የአዲሱ ቤት መሠረት ተጣለ። መጽሐፈ ዕዝራ በምዕራፍ 3 እንደሚተርከው ካህናቱ ልብሰ ተክህኖ ለብሰው መለከት ነፉ፤ የአሳፍ ልጆችም በጸናጽል አመሰገኑ። ሕዝቡ በደስታ ሲጮኽ የፊተኛውን ቤት በዓይናቸው ያዩ ሽማግሌዎች፣ ካህናትና ሌዋውያንም ጭምር፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አነቡ። ድምፁ እስከ ሩቅ ተሰማ፤ እልልታውን ከለቅሶው የሚለይ ግን አልነበረም።

ይህን ታሪክ ለሰበካ ጉባኤያት የምናነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። አሮጌው ሕንፃ ፈርሶ፣ ታቦቱ ወደ መቃኞ ገብቶ፣ አዲሱ መሠረት በሚጣልበት ዕለት በአጥቢያዎቻችንም ተመሳሳይ ድምፅ ይሰማል። በአሮጌው ቤት ክርስትና የተነሡ፣ ወላጆቻቸውን በቅጥሩ ውስጥ የቀበሩ አረጋውያን ያለቅሳሉ። የሕንፃ አሠሪ ኮሚቴው ይህን እንደ ልማት ተቃውሞ ቢቆጥረው፣ በእኛ አስተያየት፣ ይሳሳታል። መጽሐፉ አልቃሾቹን አልገሠጸም፤ ዝም ያሰኛቸው አለቃም አልተጠቀሰም። ሥራው በጠላቶች ምክንያት ተቋርጦ በዳርዮስ 2ኛ ዓመት ዳግመኛ ሲጀመርም ነቢዩ ሐጌ የቀድሞውን ክብር ያዩትን ለይቶ ጠየቃቸው። አዲሱ ቤት በዓይናቸው ማነሱን አልካደም፤ ይህን አምኖ በርትተው እንዲሠሩ አዘዛቸው እንጂ። ቤቱም በዳርዮስ 6ኛ ዓመት ተፈጸመ። እንግዲህ ከማፍረስ አስቀድሞ አረጋውያኑን ሰብስቦ ከአሮጌው ቤት ምን እንዲቀመጥላቸው እንደሚሹ፣ በሩን ይሁን ሥዕሉን፣ መጠየቅ ሥራውን አያዘገየውም።

ሁለቱን በአንድ ቀን ማስተናገድ ለቤተ ክርስቲያናችን እንግዳ ነገር አይደለም፤ በሰሙነ ሕማማት ፍትሐት ስለማይደረግ ዘንባባ በምንይዝበት በሆሳዕና ዕለት ጸሎተ ፍትሐት ይደርሳል።

በመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 8 ግን ነገሩ ይለያል። በሰባተኛው ወር መጀመሪያ ቀን ዕዝራ ሕጉን በውኃ በር ፊት ከማለዳ እስከ ቀትር ሲያነብ ሕዝቡ ሁሉ አለቀሰ። በዚህ ጊዜ መሪዎቹ ለቅሶውን ከለከሉ፤ ዕለቲቱ የተቀደሰች ነበረችና። ደስታውን ሲያዝዙ ታዲያ ምንም ላላዘጋጁት ድርሻ እንዲላክላቸው አብረው አዘዙ። ስለዚህ የቅዳሴ ቤቱ በዓል በጀት በሰበካ ጉባኤው ሲጸድቅ፣ ወደ ቅጥሩ መምጣት ለማይችሉ ሕሙማንና ችግረኞች የሚላከው ድርሻ ከመነሻው ተለይቶ እንዲያዝ እንመክራለን፤ በነህምያ ዘመን የተላከው ከግብዣው በተረፈ ጊዜ ሳይሆን ሕዝቡ ለመብላትና ለመጠጣት በሄደበት በዚያው ቀን ነበር።